«ዱኻስ» ምንድን ነው? የአየርላንድ ስደተኞችን የልጅ ልጆች ወደ ቅድመ አያት ጎጥ የሚስበው ነገር

በአየርላንድ ነባር ቋንቋ «ዱኻስ» የሚባል ቃል አለ። ቃሉ በውርስ የሚገኝን መብት፣ የትውልድ ስፍራን፣ እንዲሁም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍን ባሕርይና ዝንባሌ በአንድነት ይዞ ይገኛል። ሦስቱ ፍቺዎች ለሌላው ሰው የተራራቁ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ርስት የሚለውን ቃል ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ግን ዝምድናቸው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ርስት መሬት ብቻ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው አቅኚ አባት በመወለድ የሚገኝ፣ ባለመብቱ ርቆ ሄዶ ቢቆይ እንኳ ዘሩን ቆጥሮ ሊጠይቀው የሚችል ድርሻ ነበር። አየርላንዳውያን «ዱኻስ በድመት ዓይን በኩል እንኳ ጥሶ ይወጣል» ይላሉ፤ የእኛዎቹ አባቶች ደግሞ «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለዋል። የአሜሪካ ወይም የአውስትራሊያ ፓስፖርት ይዞ፣ አያቱ እንኳ አይታው የማታውቀውን አንድ የአየርላንድ ጎጥ ፍለጋ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ምን እንደሚፈልግ ለመረዳት፣ ብዙዎቹ ተጓዦች ራሳቸው ቃሉን የማያውቁት ቢሆንም፣ ከዱኻስ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው በአየርላንድ ዱኻስና ሕግ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የተለያዩ መሆናቸው ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን እጅግ ሰፊ መሬት ከነባሮቹ ባለቤቶች እየተወረሰ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ለመጡ ሰፋሪዎችና ለወታደሮች ተሰጠ፤ በ1704 የወጣው ሕግ ደግሞ ካቶሊኮች መሬት እንዳይገዙ ከለከለ። ክልከላው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቢነሣም፣ በ1840ዎቹ አብዛኛው ገበሬ በእኛ አነጋገር ጭሰኛ ነበር። አባቶቹ ያረሱትን ማሳ «የእኔ» ብሎ ይጠራዋል፤ ኪራዩን ግን ለባለመሬቱ ይከፍላል፣ መክፈል ሲያቅተውም ቤቱ እየፈረሰ ይባረራል።

በ1845 ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ ወደ ደሴቲቱ ሲገባ፣ ከድንች በቀር ሌላ ምግብ ያልነበረው ይህ ጭሰኛ ነበር። ረሃቡ እስከ 1852 ድረስ ቆየ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ። በ1841 ቆጠራ 8.2 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ፤ ደሴቲቱም ዛሬ ድረስ ወደ ቀድሞው ቁጥሯ አልተመለሰችም። ከዚያ ዘመን ሕጎች ሁሉ ለርእሳችን ቅርብ የሆነው በ1847 የወጣው ነው፦ ከሩብ ኤክር፣ ማለትም ከ1,000 ካሬ ሜትር ጥቂት ከፍ ካለ መሬት በላይ የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ በቀር የመንግሥት እርዳታ አያገኝም ይላል። ሰዎች በእንጀራና በማሳቸው መካከል እንዲመርጡ ተገደዱ። ብዙዎቹ መሬቱን ለቀው ወደ ወደቡ አመሩ።

የመሄጃውም ሥርዓት የሐዘን ነበር። በአየርላንድ ልማድ ሰው ሲሞት ከቀብር በፊት ዘመድና ጎረቤት በቤቱ ተሰብስቦ አስከሬኑን እየጠበቀ ያድራል። ለተሳፋሪውም በዋዜማው ይኸው ይደረግለት ነበር፤ ሌሊቱ በጨዋታ፣ በዘፈንና በእንባ ያልፋል፣ ጎሕ ሲቀድ ሰዎቹ እስከ መንገድ ይሸኙታል። ስሙም «የአሜሪካ ለቅሶ» ነበር። እናት ልጇን በሕይወት ሳለ ታለቅስለታለች፤ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉና። እንዲህ ተለቅሶለት የወጣ ሰው ለልጆቹ የሚያወርሰው ትዝታ ምን ዓይነት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ዛሬ በአሜሪካ ብቻ ከ30 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ከአየርላንድ ይመዛሉ። እርግጥ ሁሉም የረሃቡ ስደተኞች ልጆች አይደሉም፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ከሰሜኑ ክፍል የፈለሱት ፕሮቴስታንቶች ዘርም በቁጥሩ ውስጥ አለ፤ ስለ አገሩ የወረሱት ትዝታ ግን ሌላ ነው።

የሥር ፍለጋ ተጓዡ የሚፈልገው አገሩን ይመስላል፤ በእርግጥ የሚፈልገው ግን አንድ ጎጥ ነው። የአየርላንድ መሬት ከጥንት ጀምሮ ስም በተሰጣቸው ትናንሽ ክልሎች የተከፋፈለ ነው፤ ቁጥራቸው ከ60,000 ይበልጣል፣ አንዳንዶቹም ከጥቂት ማሳ አይሰፉም። እንግሊዝኛው «ታውንላንድ» ይላቸዋል፤ ከእኛ ጎጥ ጋር ይቀራረባሉ። የአንድ ሰው ዱኻስ ያለው እዚያ ነው። «ከኮርክ ነን» ወይም «ከሜዮ ነን» ብቻ ብሎ የሚመጣ እንግዳ አውራጃውን ነገረን እንጂ ማሳውን አልነገረንም።

የቤተሰብ ስምም ብቻውን አያደርስም። «ኦ» የልጅ ልጅ፣ «ማክ» ደግሞ ልጅ ማለት ነው፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙ ቤተሰቦች እነዚህን ቅድመ ቅጥያዎች ጥለዋል፣ ጸሐፊዎችም ስሙን እንደ ሰሙት በእንግሊዝኛ ፊደል ስለጻፉ የአንድ አባት ልጆች በሁለት ዓይነት ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። (በየትውልዱ የአባት ስም ለሚለወጥብን ለእኛ ይህ ቀላል ችግር ነው፤ ለእኛ ግን ሰባት ቤት የሚቆጥር አዛውንት አለልን።) የቦታ ስሞችም ከ1824 ጀምሮ ደሴቲቱ በመንግሥት ካርታ ስትነሣ ወደ እንግሊዝኛ አጻጻፍ ተለውጠዋል፤ ስለዚህ በቦስተን ያለች አያት በቃል ጠብቃ ያቆየችው የጎጥ ስም በካርታው ላይ በቀላሉ ላይገኝ ይችላል።

ከዚህ በላይ የከፋ ጉዳት የደረሰው በመዛግብቱ ላይ ነው። ሰኔ 30 ቀን 1922፣ የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ በደብሊን ፎር ኮርትስ በተባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ የነበረው የመንግሥት መዛግብት ቤት ፈንድቶ ተቃጠለ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ሰነዶች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር ዐመድ ሆኑ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ አስቀድሞ መንግሥት ራሱ አስወግዷቸው ነበር። ሙሉ ሆነው የተረፉት የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ናቸው፤ እነዚህም በረሃቡ ዘመን ለሄደ ሰው ዘግይተውበታል። የልደት፣ የሞትና የጋብቻ ምዝገባ ለሁሉም የተጀመረው በ1864 ስለሆነ እርሱም አይደርስለትም። የሚቀረው የአጥቢያ ቄሶች የጻፉት የክርስትና መዝገብ ነው፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የካቶሊክ አጥቢያዎችን መዛግብት ምስል ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ አቅርቧል።

ሌላው ሰነድ «የግሪፊዝ ግምት» ይባላል። ከ1847 እስከ 1864 ግብር ለመጣል ሲባል እያንዳንዱ ማሳና ቤት ተገምቶ የታተመ ዝርዝር ሲሆን፣ በየጎጡ የጭሰኛውን ስም፣ መሬቱን ያከራየውን ሰው ስም፣ ስፋቱንና በካርታ ላይ ያለውን ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩን ከካርታው ያመሳከረ ሰው ዛሬ ሄዶ በዚያው ማሳ ላይ ሊቆም ይችላል። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው፦ ጭሰኛው የመሬቱ ባለቤት አለመሆኑን የሚመሰክረው ወረቀት፣ ከ170 ዓመት በኋላ ለልጅ ልጁ የዱኻስ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ፈልገው ያገኙት ሰዎች ስማቸውን በግብር ዝርዝር ውስጥ ሲያነቡ ዕንባ የሚተናነቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የታወቁት ተጓዦችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከመገደላቸው አምስት ወር ገደማ በፊት፣ በሰኔ 1963፣ በዌክስፎርድ አውራጃ ወዳለችው ደንጋንስታውን ሄደው ዘመዶቻቸው በግቢያቸው ሻይ ጋብዘዋቸዋል። በአቅራቢያዋ ኒው ሮስ ከተማ ባደረጉት ንግግር፣ ቅድመ አያታቸው በርሜል ሠሪ ሊሆን ወደ ቦስተን ባይሄድ ኖሮ እርሳቸውም እዚያ ማዶ በሚታየው ፋብሪካ ተቀጥረው ይሠሩ እንደነበር ቀልደው ነበር። በኬኔዲ ቤተሰብ ዘንድ ትዝታው አልተቋረጠም። የባራክ ኦባማ ግን የተቆረጠ ክር ነበር፤ በእናታቸው በኩል የቅድመ አያታቸው አያት፣ የጫማ ሰፊ ልጅ የነበረው ፋልማውዝ ኪርኒ፣ በ1850 ከመኒጎል መንደር እንደሄደ የታወቀው መዛግብት ተፈትሸው ነው። ፕሬዚዳንቱ በግንቦት 2011 ሲመጡ በደብሊን ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ በመንገድ የጠፋችብንን ጭረት ልፈልግ መጣሁ አሉ፤ ከ«ኦ» በኋላ በእንግሊዝኛ የምትጻፈውን ምልክት ማለታቸው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በመንደሯ አጠገብ በአውራ ጎዳናው ላይ በስማቸው የተሰየመ የነዳጅና የምግብ ማረፊያ ተከፈተ፤ ዱኻስ ቤንዚንም ይሸጣል።

የአየርላንድ መንግሥት ይህን ስበት በሕግም በገበያም አስገብቶታል። በ1956 በወጣው የዜግነት ሕግ መሠረት አያቱ በደሴቲቱ የተወለደ ሰው በውጭ አገር ልደት መዝገብ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይችላል፤ ቅድመ አያት ላይ ግን፣ ወላጁ ልጁ ከመወለዱ በፊት ካልተመዘገበ በቀር፣ በሩ ይዘጋል። የእኛ አገር ሕግ ተቃራኒውን መርጧል፦ አዋጅ ቁጥር 270/1994 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ እስከ ቅድመ አያት ይደርሳል፣ ዜግነት ግን አይደለም። ሰሜን አየርላንድን ከሚመለከተው ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ የተሻሻለው የአየርላንድ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ2ኛው አንቀጹ በውጭ የሚኖሩትን የዘር ተካፋዮች ልዩ ዝምድና እንደሚያከብር ይናገራል።

በገበያው በኩል ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። በ2011 መንግሥት ዜግነት ለማያገኙት «የአየርላንድ ቅርስ የምስክር ወረቀት» በክፍያ መስጠት ጀመረ፤ ከ3,000 ያነሰ ብቻ ተሽጦ በ2015 ቀረ። ሰው ጎጡን ሲፈልግ ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢሰጡት እንደማይረካ የሚያሳይ ይመስለኛል። በ2013፣ መንግሥት ዲያስፖራውን ለመጥራት «መሰባሰቢያው» ብሎ በሰየመው ዘመቻ ዓመት ግን ቤተሰቦችና መንደሮች ራሳቸው ዘመዶቻቸውን ጠርተው በሺህ የሚቆጠሩ ግብዣዎችን አሰናዱ፤ ተዋናዩ ገብርኤል በርን ዘመቻውን የዲያስፖራውን ኪስ ማራገፊያ ነው ብሎ ቢነቅፈውም እንግዶቹ መጥተዋል።

ከአገሬው ሰው ዘንድ ፌዝም አለ። አረንጓዴ ኮፍያ አጥልቆ «እኔም አየርላንዳዊ ነኝ» ለሚለው እንግዳ «ፕላስቲክ ፓዲ»፣ ማለትም የፕላስቲክ አየርላንዳዊ፣ የሚል ስድብ ወጥቶለታል። ፌዙ ከፊሉ ተገቢ ነው፤ እንግዳው በልቡ የያዘው አገር በ1848 የቆመ ነውና፣ የዛሬዋን አየርላንድ፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቿን፣ የቤት ኪራይ ውድነቷንና ራሷ ስደተኛ ተቀባይ መሆኗን ላያይ ይችላል። ሆኖም ዱኻስ እዚያው ከኖረው ይልቅ የተነቀለውን አጥብቆ ቢይዘው አያስገርምም፤ እዚያው ለኖረው ማሳው በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው።

የጎጡ ስም ከቤተሰቡ አፍ ለጠፋበት ሰው አንድ መፈለጊያ ቦታ ይቀረዋል፤ እርሱም በራሱ አገር ነው። በቦስተን፣ በኒው ዮርክና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ባሉ የካቶሊክ መካነ መቃብሮች፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የሞቱ ስደተኞች ድንጋይ ላይ ከስማቸው ቀጥሎ የአጥቢያቸውና የአውራጃቸው ስም፣ አንዳንዴም የጎጡ፣ ተቀርጾ ይገኛል፤ «ተወላጅነቱ ከዚህ አጥቢያ» ይላል። ያ ድንጋይ ውቅያኖስ ማዶ ስለነበረ የ1922 እሳት አልነካውም።