ቀኑ ያለፈበት ጣሳ ለምግብ ባንክ ይሰጣል ወይ?

አሜሪካ ውስጥ ለምግብ ባንክ፣ ማለትም ለችግረኞች ምግብ በነፃ ለሚያድል ድርጅት፣ እርዳታ በሰበሰብን ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይነሣልና አንድ ጊዜ ልጻፈው።

የፌዴራል ሕግ ቀን እንዲጻፍበት የሚያስገድደው የሕፃናት ፎርሙላ ወተት ላይ ብቻ ነው። እርሱ ቀኑ ካለፈ በፍጹም አይሰጥም። በሌላው የታሸገ ምግብ ላይ «ቤስት ባይ» (እስከዚህ ቀን ቢበላ ይመረጣል) ብሎ ቀን የሚያወጣው አምራቹ ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ ጣዕምና ጥራት እንጂ ስለ መመረዝ አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ወር ቀኑ ያለፈበት የሽምብራ ጣሳ ካላበጠ፣ ካላፈሰሰ፣ ክፉኛ ካልዛገና ስፌቱ ላይ ካልተጨረመተ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ምግብ ነው። ያበጠ ጣሳ ግን ሁለት ዓመት ቢቀረውም ይጣል፤ ለመቅመስም አትሞክሩ።

«ሰው ቢታመም እከሰሳለሁ» ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቢል ኤመርሰን ሕግ በቅን ልቦና የለገሰን ሰው ይከላከልለታል። መበላሸቱን እያወቀ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የሰጠን ግን አያድንም።

ሕግ የማይደርስበት ነገርም አለ። አዲሱን ለራስ አስቀርቶ ያለፈበትን ብቻ እየመረጡ መስጠት፣ ምግቡ ደኅና ቢሆን እንኳ፣ እኔን ያሳፍረኛል። ያለፈበትን ቤታችሁ ብሉትና አዲሱን ስጡ።

ከቦታ ቦታ የሚለያየው የምግብ ባንኮቹ ከቀኑ በኋላ እስከ ስንት ወር እንደሚቀበሉ ነው፤ ግዛቶችም እንደ ወተት ባሉ ምግቦች ላይ የየራሳቸው ደንብ ሊኖራቸው ይችላል። አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። በቤት የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮን ግን የቱንም ያህል ቢጥም ብዙዎቹ አይቀበሉም፤ የይዘት ዝርዝር ስለሌለው አለርጂ ያለበት ሰው የሚበላውን ሊያውቅ አይችልም።