«ስፓሻል ኦዲዮ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ሰው በቀኛችሁ በኩል አንዴ ያጨብጭብ። ሳታዩት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ድምፁ ቀኝ ጆሮ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። ግራው ጋ የሚደርሰው ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ዘግይቶ፣ ትንሽም ደከም ብሎ ነው። ከላይ ይሁን ከኋላ የምንለየው ደግሞ የጆሯችን እጥፋት ድምፁን ስለሚቀይረው ነው።

ስፓሻል ኦዲዮ ይህንኑ በስሌት አስመስሎ በተራ ኢርፎን ያሰማናል። ስቴሪዮ ያለው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ በወጣው ዶልቢ አትሞስ በተባለው የድምፅ ቴክኖሎጂ ግን የድምፅ ባለሙያው ለከበሮው፣ ለጊታሩ፣ ለድምፃዊው ለየብቻ ቦታ መስጠት ይችላል። ስልካችሁ ያንን ለሁለት ጆሮ ይተረጉመዋል።

ታዲያ ሙዚቃ ያሳምራል ወይ? ሚክሱ (ድምፆቹ የተቀናበሩበት መንገድ) ይወስነዋል። ለዚሁ ተብሎ በደንብ የተሠራ ኦርኬስትራ ወይም የመድረክ ቅጂ አዳራሹ ውስጥ ያስቀምጣችኋል፤ በጣም ደስ ይላል። በሞኖ (ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ መስመር) የተቀዳን የድሮ ሸክላ ስልኩ በራሱ «ሲያሰፋው» ግን ድምፃዊው ይርቃል፣ ቤዙም ይሳሳል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ዘፈን እንዳለ መስማት እመርጣለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለአማካይ ጆሮ ነው። ለጓደኛችሁ ተአምር የሆነው ለእናንተ ጭንቅላት ውስጥ የታፈነ ሊመስል ይችላል።

ቃሉን የምታውቁትን አንድ ዘፈን ክፈቱ። ስፓሻል ኦዲዮው ሲበራም ሲጠፋም የድምፁን ከፍታ እኩል አድርጉ፤ ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ አብሩት፣ አጥፉት፣ ድምፃዊውን ብቻ ተከተሉ።