ክራሽ ሉፕ ባክ ኦፍ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የብልሽት ሪፖርት እጄ ገባ። የጻፈው አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ነው። ጎበዝ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። ቅጹ ላይ «የችግሩ መንስኤ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ «ክራሽ ሉፕ ባክ ኦፍ» ብሎ ሞልቷል። ኩበርኔቲስ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስነሳውና የሚከታተለው ሥርዓት፣ ስክሪን ላይ የሚጽፈው ቃል ነው። «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው ሥር ደግሞ «ፖዱ ተሰርዟል፤ አሁን ይሠራል» ይላል። ቀኑ ሳይመሽ ያው አገልግሎት እንደገና ወደቀ።

ልጁን አልወቅሰውም። ቃሉን እንዲህ ሲጠቀሙበት የሰማው ከእኛ ከታላላቆቹ ነው። ስብሰባ ላይ «ሲስተሙን ክራሽ ሉፕ ያዘው» እንላለን፤ ጉንፋን ያዘው እንደምንለው። ደንበኛው «ምን ሆኖ ነው?» ሲል «ክራሽ ሉፕ ገብቶ ነው» ብለን እንመልሳለን። እሱም መልስ ያገኘ ይመስለዋል። አላገኘም። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ልጻፍ።

ፖድ ምንድን ነው፣ ኢሜጅ ምንድን ነው የሚለውን በዝርዝር አልነካውም። በአጭሩ፦ ኢሜጅ የታሸገ ፕሮግራም ነው፤ ኮንቴይነር ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው ነው፤ ፖድ ደግሞ ኮንቴይነሩን የሚይዝ ዕቃ ነው። ኩበርኔቲስን በእጃችሁ የምትይዙ ከሆነ ታውቁታላችሁ።

ክራሽ ሉፕ ባክ ኦፍ ስህተት አይደለም። የብልሽት ስምም አይደለም። የመጠበቂያ ጊዜ ስም ነው። ኩበርኔቲስ የሚለው ይህን ነው፦ «ይህን ኮንቴይነር አስነሳሁት፤ ቆመ። ደግሜ አስነሳሁት፤ ቆመ። አሁን ትንሽ ታግሼ እንደገና እሞክራለሁ።» በቃ። ለምን እንደቆመ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን በቀላሉ ያየዋል። ግቢው ውስጥ በገመድ የሚነሳ ትንሽ ጀነሬተር አለ እንበል። ዘበኛው ጋሽዬ አንድ ትእዛዝ ተሰጥቷቸዋል፦ «ጀነሬተሩ ከቆመ አስነሱት»። መብራት ጠፋ። ገመዱን ሳቡ። ትርርር ብሎ ተነሳና ጠፋ። ወዲያው ደግመው ሳቡ። ያው ነው። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጥቂት ቆዩና ሳቡ። አሁንም ጠፋ። በሚቀጥለው ጊዜ እረፍቱን አስረዘሙት። ከቤት ውስጥ «ምን ሆነ?» ሲባሉ «እየሞከርኩ ነው፣ አሁን አረፍ ብያለሁ» ይላሉ። ክራሽ ሉፕ ባክ ኦፍ ማለት ይህ የጋሽዬ መልስ ነው። ቤንዚን አልቆ ይሁን፣ ካንዴላው ቆሽሾ ይሁን፣ ዘይት ጎድሎ ይሁን እሳቸው አያውቁም። ሥራቸው መካኒክነት አይደለም።

ኩበርኔቲስ ውስጥ ዘበኛው ኩብሌት ይባላል። እያንዳንዱ ኖድ (ማሽን) ላይ አንድ አለ። እረፍቱም በግምት አይደለም፤ የተቆጠረ ነው። ከ10 ሰከንድ ይጀምራል። ከዚያ 20፣ 40፣ 80፣ 160 እያለ ይታጠፋል። 300 ሰከንድ ማለትም 5 ደቂቃ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ በየ5 ደቂቃው ይሞክራል። ኮንቴይነሩ 10 ደቂቃ ያለ ችግር ከሠራ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ቁጥሮቹ ለብዙ ዓመት የቆዩት ነባሪዎቹ ናቸው፤ ማንም ካልቀየራቸው የሚሠሩት። ከኩበርኔቲስ ቅጂ 1.32 ወዲህ ጣሪያውን ዝቅ የሚያደርግ አማራጭ በሙከራ ደረጃ ገብቷል። ክላስተራችሁ (ኩበርኔቲስ የሚያስተዳድራቸው ማሽኖች ስብስብ) ውስጥ አንድ ሰው ቀይሮት ከሆነ ሌላ ቁጥር ልታዩ ትችላላችሁ።

እረፍቱ ለምን አስፈለገ? ጋሽዬ ያለ ፋታ ገመድ ቢጎትቱ ገመዱ ይበጠሳል። እዚህም እንደዚያው ነው። በተነሳ ቁጥር ዳታቤዝ የሚያንኳኳ ፕሮግራም በሰከንድ ብዙ ጊዜ ቢነሳና ቢወድቅ፣ ጤነኛውን ዳታቤዝ ይዞት ይወድቃል። ባክ ኦፍ ጎረቤትን ለማዳን የተሠራ ነው።

አሁን ከአንድ አስተያየት ሰጪ ጋር ልከራከር። ስሙን አልጠራም፤ ሐሳቡ ግን የብዙ ሰው ነው። «ያው ኢሜጅ ዶከር ላይ ይሠራ ነበር፤ ኩበርኔቲስ ላይ ሲመጣ ክራሽ ሉፕ ያደርጋል። ችግሩ ኩበርኔቲስ ነው» ይላል። ዶከር በአንድ ማሽን ላይ ኮንቴይነር የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። ወንድሜ፣ ዶከር ላይ ሪስታርት ፖሊሲ (ሲቆም ይነሳ ወይስ ይቅር የሚል ደንብ) ካልሰጠኸው ነባሪው «አታስነሳ» ነው። ኮንቴይነሩ አንዴ ይወድቃል፤ ወድቆ ይቀራል። ማንም አይነግርህም። «ሁልጊዜ አስነሳ» ብትለው ደግሞ ዶከርም ይጠብቃል፤ ከ100 ሚሊሰከንድ ጀምሮ እያጠፈ። ልዩነቱ ኩበርኔቲስ ለእረፍቱ ስም አውጥቶ ስክሪን ላይ መጻፉ ነው። ነገሩን የነገረህን ዘበኛ የነገሩ ምክንያት አታድርገው።

እውነቱን ለመናገር ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ክራሽ» ይላል፤ ክራሽ ግን ላይኖር ይችላል። አንድ ፕሮግራም ሥራውን በሰላም ጨርሶ፣ ኤግዚት ኮድ (ሲቆም የሚተወው ቁጥር) 0፣ ማለትም «ሰላም ነው» መልሶ ቢወጣም ክራሽ ሉፕ ውስጥ ይገባል። የፖድ ነባሪ ሪስታርት ፖሊሲ «ሁልጊዜ» ነውና። ጀነሬተሩ አንድ በርሜል ውኃ ስቦ እንዲቆም ታስቦ ነበር፤ ሳበና ቆመ። ጋሽዬ ግን «ከቆመ አስነሱት» ተብለዋል። ያስነሱታል። የዳታቤዝ ማሻሻያ የሚያካሂድ አንድ ስክሪፕት፣ ሳይቋረጥ ለሚሠራ ፕሮግራም በተሠራው ዲፕሎይመንት ውስጥ ተጭኖ እንዲህ ሲሽከረከር አይቻለሁ። ፕሮግራሙ ላይ እንከን አልነበረበትም። ቦታው ጆብ ነበር፤ ጨርሶ ለሚቆም ሥራ የተሠራው። ዲፕሎይመንት ከ«ሁልጊዜ» ሌላ ፖሊሲ አይቀበልም።

ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «ፖዱን ሰርዘው፣ ይስተካከላል» የሚባለው ምክር።

ፖዱን ስትሰርዙ ኩበርኔቲስ አዲስ ይፈጥራል። አዲሱ ፖድ የወደቀበት ታሪክ የለውም። ስለዚህ እረፍት የለም፤ ወዲያው ይነሳል። ስታተስ አምዱ ላይ «ረኒንግ» ይላል። ሰውየው ይህን አይቶ «ተስተካከለ» ብሎ ምሳ ይወጣል። አጠገቡ ያለው «ሬዲ» የሚለው አምድ ግን 0/1፣ ማለትም ገና ዝግጁ አይደለም፣ እያለ ሊሆን ይችላል፤ አላየውም። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል። የተሰረዘው ፖድ ግን የሟቹን ኮንቴይነር ሎግ (ሲሠራ የጻፈውን ማስታወሻ)፣ የኤግዚት ኮዱንና የሪስታርት ቁጥሩን ይዞ ሄዷል። ሎጉን ወደ ሌላ ቦታ የሚሰበስብ ነገር ከሌላችሁ አይመለስም። ኩበርኔቲስ የሚመዘግባቸው ክንውኖች፣ ኢቨንቶቹም ቢሆኑ በነባሪው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆዩት። የሞተበትን ምክንያት የሚናገረውን ምስክር በገዛ እጃችን አባረርነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት ትእዛዝ፤ ሁለቱም በኩብሲቲኤል፣ በኩበርኔቲስ ማዘዣ መሣሪያ የሚሰጡ። መጀመሪያ «ኩብሲቲኤል ዲስክራይብ ፖድ»። ከሚወጣው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ «ላስት ስቴት» የሚለውን ፈልጉ። ክራሽ ሉፕ የሚለው «ስቴት» ላይ ነው፤ እውነቱ ያለው «ላስት ስቴት» ላይ ነው። እዚያ ምክንያቱና ኤግዚት ኮዱ አሉ። ቀጥሎ «ኩብሲቲኤል ሎግስ» ብላችሁ «ፕሪቪየስ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። አሁን ያለው ኮንቴይነር ገና አልተናገረ ይሆናል። የምትፈልጉት የሞተው የተናገረውን ነው። ጀነሬተሩ ከመጥፋቱ በፊት ያሰማውን ድምፅ ማለት ነው። መካኒክ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «ሲጠፋ ምን አለ?»

ኮዶቹ ብዙ ይናገራሉ። 127 ከሆነ እንዲነሳ የታዘዘው ፕሮግራም ኢሜጁ ውስጥ የለም። 126 ከሆነ አለ፤ የማስኬድ ፈቃድ ግን የለውም። 1 ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ቅሬታ አለው፤ ሎጉን አንብቡ። 139 ከሆነ የማይገባውን ሚሞሪ ነክቷል።

137 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህም ብዙ ሰው ይሳሳታል። «137 ማለት ሚሞሪ አለቀ ማለት ነው» ይባላል። አይደለም። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ ፕሮግራሙ በምልክት ቁጥር 9 በግድ ተገደለ ማለት ነው። የገደለው የሚሞሪ ገደቡ ሊሆን ይችላል። ያኔ ምክንያቱ ላይ «ኦኦኤም ኪልድ» (ሚሞሪ አልቆ ተገደለ) ተብሎ ይጻፋል። ትንሽ ጀነሬተር ላይ የእንጀራ ምጣድ ሰክታችሁ ብሬከሩ እንደሚወርደው ነው። ያ ካልተጻፈ ግን ገዳዩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ላይቭነስ ፕሮብ፣ ማለትም «በሕይወት አለህ?» የሚለው ፍተሻ ነው።

ፕሮቡ ምን ያደርጋል? ለጋሽዬ ሁለተኛ ትእዛዝ እንደ መስጠት ነው፦ «በየ10 ሰከንዱ አምፖሉን እዩ፤ 3 ጊዜ ካልበራ ጀነሬተሩን አጥፉና እንደገና አስነሱ»። ጀነሬተሩ ጤነኛ ነው። ግን ብርድ ላይ ለመሞቅ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል። ጋሽዬ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ያጠፉታል። እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ያጠፉታል። 10 ሰከንድና 3 ጊዜ የኩበርኔቲስ ነባሪ ቁጥሮች ናቸው። ለአንዱ መልስ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ 1 ሰከንድ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚነሳ የጃቫ ፕሮግራም በዚህ ሕግ ሥር ቀኑን ሙሉ ሊሽከረከር ይችላል። ለዚህ ነው ስታርትአፕ ፕሮብ የመጣው፤ ከ1.20 ጀምሮ የተረጋጋ ነው። «መጀመሪያ እስኪሞቅ ጠብቁ፣ ከዚያ አምፖሉን ማየት ጀምሩ» ይላል። ላይቭነስ ፕሮቡ ዳታቤዙን ጭምር እንዲፈትሽ አታድርጉ። ዳታቤዙ ለአፍታ ሲዘገይ ጤነኛ ፖዶች ሁሉ አንድ ላይ ይገደላሉ። ይህ የዛሬው ርእሴ አልነበረም፤ ሳልለው ግን ማለፍ አልቻልኩም።

አዲስ ክላስተር ስትጭኑም ቃሉ ይመጣል። በኩብኤድኤም (ክላስተር መጫኛው መሣሪያ) ጭናችሁ ኮር ዲኤንኤስ (ክላስተሩ ውስጥ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ክራሽ ሉፕ ውስጥ ገብቶ ካገኛችሁት «ጭነቱ ተበላሽቷል» ብላችሁ አታፍርሱ። ሎጉን እዩ። ሉፕ (ዙሪያ ጥምጥም) አገኘሁ የሚል ከሆነ ሆን ብሎ ነው ያቆመው። ኡቡንቱ ላይ የስም ጥያቄ 127.0.0.53 ወደሚል የማሽኑ የራሱ አድራሻ ይላካል። ይህ አድራሻ ፖዱ ውስጥ ሲገባ ኮር ዲኤንኤስ ጥያቄውን መልሶ ለራሱ ይልካል። መውጫ እንደሌለው ሲያውቅ ይቆማል። ኩብኤድኤም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ራሱ ያስተካክለዋል። ካላስተካከለ ኩብሌት ትክክለኛውን የሪዞልቭ ፋይል (የስም ጥያቄ ወዴት እንደሚላክ የሚናገረውን) እንዲያነብ ማዘዝ ነው። አፍርሳችሁ ብትጭኑ ያው ፋይል እዚያው ነው። ትእዛዝ ሁሉ የሚቀበለው ኤፒአይ ሰርቨሩ ራሱ በየጥቂት ደቂቃው የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ኮንቴይነሮቹን የሚያስነሳው ኮንቴይነርዲ ሲግሩፕን (የሚሞሪና የፕሮሰሰር ገደቡን) በሊኑክሱ አስተዳዳሪ በሲስተምዲ በኩል እንዲያስተዳድር መታዘዙን ፈትሹ። ኩብኤድኤም ከ1.22 ጀምሮ ለኩብሌት የሚሰጠው ነባሪ ሲስተምዲ ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሰላም የለም።

«ኢሜጅ ፑል ባክ ኦፍ» ዘመድ ይመስላል፤ ሌላ ነው። እዚያ ጀነሬተሩ ገና ግቢ አልደረሰም። ኢሜጁ አልወረደም፤ ስለዚህ የሚነበብ ሎግም የለም።

ወደ ልጁ ሪፖርት ልመለስ። ማታ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ፖዱን እንዳትሰርዘው» አልኩት። ላስት ስቴት ላይ ኤግዚት ኮድ 1 ነበር። የፕሪቪየስ ሎጉ መጨረሻ መስመር ዳታቤዙ የይለፍ ቃሉን እንዳልተቀበለ ይናገራል። «የይለፍ ቃሉን ራሴ ነኝ ያስገባሁት፤ ትክክል ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሲያዩት ትክክል ነበር። የይለፍ ቃሉ የተቀመጠበትን ሲክሬት ፈትተን ፊደሎቹን ቆጠርናቸው። የይለፍ ቃሉ 12 ፊደል ነው። ማሽኑ 13 አለን። ደግመን ቆጠርን። 13።

ቃሉን ሲክሬት ወደሚጻፍበት ወደ ቤዝ 64 ሲቀይረው «ኤኮ» የሚለውን ትእዛዝ ነበር የተጠቀመው። ኤኮ «ኤን» የሚለው አማራጭ ካልተጨመረበት መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ይጨምራል። አይታይም፤ ዳታቤዙ ግን ያየዋል። ጠዋት አዲሱ ሲክሬት ሲገባ አንዳንዱ ፖድ አሮጌውን ይዞ ይሠራ ነበር። ከሰዓት ሁሉም ሲነሱ አዲሱን ወሰዱ፤ ሁሉም ወደቁ። ልጁ በትክክለኛው መንገድ ቀይሮ አስገባው። ዲፕሎይመንቱን ሪስታርት አደረግን። ሬዲ አምዱ 1/1 እስኪል ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፍተን ጠበቅን። ከዚያ ሪፖርቱን ከፈተና «የችግሩ መንስኤ» የሚለውን አጥፍቶ እንደገና ጻፈ፦ «የዳታቤዙ የይለፍ ቃል መጨረሻ ላይ የማይታይ አዲስ መስመር ገብቷል።»