የኦሳሙ ቴዙካ ብዙም ያልተነገረላቸው ማንጋዎች በቪዲዮ ጌም

ኦሳሙ ቴዙካ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አንድ ልጅ ነው። ፀጉሩ ቀንድ ሠርቶ ወደ ላይ የቆመ፣ ከእግሩ ሥር እሳት እየተፋ የሚበር ሮቦት። ጃፓኖች አቶም ይሉታል፣ ሌላው ዓለም አስትሮ ቦይ። ቴዙካ ግን የአንድ ልጅ አባት ብቻ አይደሉም። በ1928 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኦሳካ ግዛት ቶዮናካ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው ተመረቁ፣ ግን ሕይወታቸውን ለሥዕል ሰጡ። በፌብሩዋሪ 1989 እስኪያርፉ ድረስ ወደ 700 የሚጠጉ ሥራዎችና ወደ 150,000 የሚደርሱ ገጾች እንደሣሉ ይነገራል። በአገራቸው «የማንጋ አምላክ» ይሏቸዋል፤ ማንጋ የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ ነው። ሥራቸውን ላየ ሰው ቃሉ አይበዛባቸውም።

ይህ ጽሑፍ ከአቶም ጀርባ የቀሩትን ሥራዎችና ከእነሱ የተሠሩትን ጌሞች ይመለከታል። በአማርኛ ስለ ጌም ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ስለ እግር ኳስና ስለ መኪና እሽቅድምድም ነው። ስለ እነዚህ ጌሞች አንድ ቦታ የተሰበሰበ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

«ብዙም ያልታወቀ» የሚለው ቃል ግን ያከራክራል። «ፊኒክስ» ጃፓን ውስጥ እንደ ትልቅ ሥራ የሚቆጠር ማንጋ ነው። ቴዙካ ራሳቸውም የዕድሜ ልክ ሥራዬ ይሉት ነበር። «ባለ ሦስት ዓይኑ» እና «ዶሮሮ» ደግሞ እያንዳንዳቸው የቴሌቪዥን አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ወጥቶላቸዋል። እዚህ የተካተቱት ከጃፓን ውጭ ከአቶም አንጻር ብዙም ስለማይታወቁ ነው። በዚህ የማይስማማ ሊኖር ይችላል። ዶሮሮ የሚገባውን ያህል አልታወቀም የሚለው ግን የሚያከራክር አይደለም።

ፊኒክስ፦ መሮና የጣሪያ ጋኔን

ቴዙካ ፊኒክስን የጀመሩት በ1954 ነው። ሲያርፉም አላለቀም ነበር። የማትሞት ወፍ ከጥንት ዘመን እስከ ሩቅ መጪው ጊዜ ትበራለች፣ ሰዎች ደሟን ጠጥተው ሞትን ሊያመልጡ ያሳድዷታል። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የቆመ ታሪክ ነው። ብዙ አንባቢ ከሁሉ የሚያስበልጠው በ8ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን፣ በናራ ታላቁ የቡድሃ ሐውልት በሚሠራበት ጊዜ የሚያልፈውን ክፍል ነው። ባለታሪኩ ጋኦ ይባላል። በተወለደበት ቀን አንድ ዓይኑንና አንድ ክንዱን ያጣ ሰው ነው። ሽፍታ ይሆናል፣ ይገድላል። በኋላ ግን ቁጣውን ሁሉ በእንጨትና በሸክላ ላይ የሚያወጣ ቀራጭ ይወጣዋል።

ዳይሬክተሩ ሪንታሮ ይህን ክፍል ፊልም አድርጎ በዲሴምበር 1986 አወጣው። የጌም ኩባንያው ኮናሚም ወዲያው ተከተለ። ለፋሚኮም፣ ለኒንቴንዶ የቤት ጌም ማሽን፣ የሠራው ጌም ጃንዋሪ 4 ቀን 1987 ገበያ ላይ ዋለ። በጌሙ ጋኦ ወደ ጎን እየሮጠ ጠላት ላይ መሮ ይወረውራል። አዎ፣ የእንጨት ቀራጭ መሮ። የተበታተነውን የፊኒክስ ምስል ቁራጮች ሊሰበስብ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ይሻገራል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጠላት ሲወድቅ የጋኔን ፊት ያለው የጣሪያ ጡብ ትቶ ይሄዳል። ተጫዋቹ ይለቅመውና በፈለገበት ቦታ ያስቀምጠዋል። በላዩ ይቆማል፣ ሌላ ይደርባል፣ ደረጃ ሠርቶ ይወጣል። ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ የጌም ዘዴ ነው። ማንጋውን ያነበበ ግን ያቺን ጡብ ሲያይ ልቡ ይነካል። በማንጋው ጋኦና ተቀናቃኙ አካኔማሩ የሚወዳደሩት በዚህ ዓይነት የጣሪያ ጋኔን ቅርጽ ነው። ውድድሩም ጋኦን የቀረውን ክንዱን ያስከፍለዋል። የጌሙ ሠሪዎች የታሪኩን ሐዘን አላመጡም። ጌሙ ደስተኛ፣ ፈጣንና ባለ ጥሩ ሙዚቃ ነው። ግን ዕቃውን አምጥተዋል። ጋኦ በገዛ ሥራው ላይ እየረገጠ ከፍ ይላል።

በዚያው በ1987 ኮናሚ ለኤምኤስኤክስ 2 ኮምፒውተር ሌላ የፊኒክስ ጌም አውጥቷል። እሱ ከታች ወደ ላይ እየሄዱ የሚተኩሱበት ነው።

ባለ ሦስት ዓይኑ፦ ፕላስተሩ ሲነሳ

«ባለ ሦስት ዓይኑ» ከ1974 እስከ 1978 በሳምንታዊ መጽሔት የወጣ ማንጋ ነው። ሻራኩ ሆሱኬ ራሱ መላጣ፣ እንደ ሕፃን የዋህ ተማሪ ነው። ግንባሩ ላይ ትልቅ ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ሲነሳ ሦስተኛው ዓይኑ ይገለጣል፣ ልጁም ይለወጣል። የጠፋ የጥንት ሕዝብ እውቀት ያለው፣ ዓለምን ሊገዛ የሚመኝ አደገኛ ሊቅ ይሆናል። ጓደኛው ዋቶ ቺዮኮ ፕላስተሩን መልሳ ካልለጠፈችለት ጉድ ነው። ስማቸውን አስተውሉ። ሻራኩ ሆሱኬና ዋቶ፣ ሼርሎክ ሆምስና ዋትሰን ናቸው።

ጌሙን የሠራው ናትሱሜ ነው። መጀመሪያ በ1989 ለኤምኤስኤክስ 2፣ ቀጥሎ በቶሚ አሳታሚነት በጁላይ 1992 ለፋሚኮም። ሁለተኛው ይበልጣል። በ1992 የፋሚኮም ተተኪ የሆነው ሱፐር ፋሚኮም ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፣ የገዢው ዓይን ወደ አዲሱ ዞሯል። በአሮጌው ማሽን ላይ ግን ባለሙያዎቹ እጃቸው ፈቶ ነበር። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ እንቅስቃሴው አይንቀራፈፍም።

ሻራኩ በዓይኑ ጨረር ይተኩሳል። በማንጋው «ከእኔ ጋር ነይ፣ ከእኔ ጋር ጥፊ» ብሎ የሚጠራት ቀይ ኮንዶር የምትባል ጦር አለችው። በጌሙ ጦሯን ሲወረውራት ሄዳ ትመለሳለች። ዘሎ ከቆመባት ደግሞ ትሸከመዋለች። ሌላም ዘዴ አለ። ከጠላት የሚወድቀውን ሳንቲም ወዲያው ከመልቀም ይልቅ አየር ላይ እንዳለ ደጋግሞ ቢተኩሱበት ዋጋው ያድጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ጠላት እየመጣበት ሳንቲም ሲያነጥር ይገኛል። ስግብግብነት ያስበላል። ይህ ለሻራኩ ጠባይ ልክክ ያለ ነው።

ጌሙ ከጃፓን ውጭ በይፋ አልተሸጠም። ወዳጆቹ ግን በራሳቸው ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውታል።

ከዚህ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ስለ እነዚህ ሥራዎች ብዙ የሚነገር የለም። በ1999 ሚዲያ ፋክተሪ የቴዙካን ገጸ ባሕርያት ወደ ኮለምስ አስገብቶ ለጌም ቦይ ከለር አቅርቧል። ድንጋይ መደርደሪያ ጌም ነው።

የአቶም ጌም፣ የሌሎቹ ድግስ

በዲሴምበር 2003 ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣው «አስትሮ ቦይ፦ ኦሜጋ ፋክተር» በስሙ የአቶም ነው። ነገር ግን ከዚህ ጽሑፍ ሊቀር አይችልም። የሠሩት ትሬዠርና የሴጋው ሂትሜከር ናቸው። ትሬዠር በ1992 ከኮናሚ በወጡ ባለሙያዎች የተመሠረተ፣ «ጋንስታር ሂሮዝ» የተባለውን ጌም የሠራ ቤት ነው።

ቴዙካ ገጸ ባሕርያቸውን እንደ ተዋናይ ያዩ ነበር። አንዱ ማንጋ ላይ መርማሪ የነበረ ሽማግሌ ሌላው ላይ አስተማሪ ሆኖ ይመጣል። አንዱ ላይ ጀግና የነበረ ወጣት ሌላው ላይ ክፉ ሰው ይሆናል። «የኮከቦች ሥርዓት» ይባላል። ኦሜጋ ፋክተር የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሻራኩ አለ። ብላክ ጃክ አለ። ሮክ አለ። ጋሮን የተባለው ግዙፍ ፍጡር ማንም ከማያስታውሰው የድሮ ማንጋ ተነሥቶ ይመጣል።

አቶም የሚጠነክረው ጠላት በመግደል አይደለም። ሰው በመተዋወቅ ነው። አዲስ ገጸ ባሕርይ ባገኘና ባወቀ ቁጥር ተጫዋቹ አንዱን ችሎታ ያሳድግለታል፦ ቡጢውን፣ ጨረሩን፣ በረራውን ወይም ሌላ። አንዳንዶቹ ተደብቀዋል፣ በሴንሰር ይፈለጋሉ። ታሪኩ ደግሞ አንድ ጊዜ አልቆ፣ በሽንፈት አልቆ፣ ፊኒክስ መጥታ አቶምን ታስነሳዋለች። ያን ጊዜ ያለፈባቸውን ቦታዎች እንደገና፣ አሁን እያወቀ፣ ይመለስባቸዋል። ከቴዙካ ሥራ ለተሠራ ጌም ከዚህ የበለጠ ለእሳቸው ታማኝ አሠራር ለማግኘት ይከብዳል።

ዶሮሮ፦ 48 ጋኔን፣ 48 የአካል ክፍል

ዶሮሮ በኦገስት 1967 በሳምንታዊው «ሾነን ሰንዴይ» ጀመረ። በጁላይ 1968 ተቋረጠ። በ1969 በሌላ መጽሔት ቀጥሎ በችኮላ አለቀ። በዚያው ዓመት 26 ክፍል ያለው ጥቁርና ነጭ አኒሜ ወጣለት። ስሙ የመጣው ሕፃን ልጅ «ዶሮቦ»፣ ማለትም ሌባ፣ ለማለት ተኮላትፎ «ዶሮሮ» ካለው ነው ይባላል።

ታሪኩ ይህ ነው። በሴንጎኩ፣ በጃፓን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ ዳይጎ ካጌሚትሱ የሚባል የጦር አበጋዝ ሥልጣን ፈልጎ ከ48 አጋንንት ጋር ይዋዋላል። ዋጋው ሊወለድ ያለው ልጁ ነው። ሕፃኑ ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅ፣ እግር ሳይኖረው ይወለዳል። በወንዝ ላይ ይለቁታል። አንድ ሐኪም አግኝቶ ያሳድገዋል፣ ሰው ሠራሽ አካል ይሠራለታል፣ በእጆቹ ውስጥ ሰይፍ ይደብቅለታል። ሃያኪማሩ ይባላል። አንድ ጋኔን በገደለ ቁጥር አንድ የአካል ክፍሉ ይመለሳል። አብሮት የምትጓዘው ዶሮሮ የምትባለው ትንሽ ሌባ ናት፣ እንደ ወንድ ልጅ ያደገች። ማንጋው ሲያልቅ ያልተገደሉ አጋንንት ገና ብዙ ነበሩ። ሃያኪማሩ ብቻውን ሄደ፣ አንባቢም ባለበት ቀረ።

ሴጋ በሴፕቴምበር 2004 ጌሙን ለፕሌይስቴሽን 2 አወጣ። የሠሩት ሴጋ ዋውና ሬድ ኢንተርቴይንመንት ናቸው። በእንግሊዝኛ «ብለድ ዊል ቴል» ተብሎ በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ደረሰ። የገጸ ባሕርያቱን ንድፍ የሣለው ሂሮአኪ ሳሙራ ነው፣ የ«ብሌድ ኦቭ ዘ ኢሞርታል» ማንጋ ደራሲ። ሰይፍና ቁስል መሣል የሚያውቅ ሰው ነው። የቴዙካ ክብ ክብ ፊቶች በእሱ እጅ ሾለው፣ ጠቁረው መጡ። ይህ ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ላይ ሰዎች ይለያያሉ። የቴዙካን መስመር የሚወድ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ሃያኪማሩን በሌላ ፊት ማሰብ ይከብደዋል።

ጌሙ ሲጀምር ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ተጫዋቹ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ እንዴ ብሎ ሊጠራጠር ይችላል። የተበላሸ ነገር የለም። ሃያኪማሩ ዓይን የለውም፣ የሚያየው በውስጥ ስሜት ነው። ጋኔኑን ገድሎ ዓይኑን ሲያገኝ ቀለም ይመጣል። ሣሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ደሙ ይቀላል። በቃል ሳይነገረን ዓይን ማግኘት ምን እንደሆነ በገዛ ዓይናችን ያሳየናል።

ከዚያ በኋላ ሥራው 48ቱን ማደን ነው። የሚመለሰው የአካል ክፍል አንዳንዴ ትልቅ ነው። እግር ሲያገኝ እንደ ልቡ መሮጥ ይችላል። አንዳንዴ ትንሽ ነው፣ ጉልበት ብቻ ይጨምራል። አንዳንዶቹ አጋንንት በታሪኩ መንገድ ላይ ይገኛሉ፣ ሌሎቹን ግን ተመልሶ መፈለግ ያስፈልጋል። በእጆቹ ውስጥ ካሉት ሰይፎች ሌላ አንዱ ክንዱ መትረየስ፣ እግሩም መድፍ ይተኩሳል። መትረየሱ ከሴንጎኩ ዘመን ጋር አይሄድም የሚል አለ። ቴዙካ ራሳቸው ግን በታሪካዊ ማንጋዎቻቸው ውስጥ ስልክና ቴሌቪዥን ሲያስገቡ ግድ አልነበራቸውም።

ሁለተኛ ሰው ሌላ መቆጣጠሪያ ይዞ ዶሮሮን መጫወት ይችላል። ዶሮሮ ብቻዋን የምትሄድባቸው ክፍሎችም አሉ። ሰይፍ የላትም፣ የምትተማመነው በእጇ ቅልጥፍና ነው። ካሜራው በጠባብ ቦታ ያስቸግራል፣ ተራ ጠላቶቹም ይደጋገማሉ። ይህን የሚነቅፉ አሉ፣ ትክክልም ናቸው። ከአንዱ ቦስ (ትልቅ ጠላት) ወደ ሌላው ሲሄዱ ግን ይረሳል።

ትልቁ ነገር መጨረሻው ነው። ጌሙ ማንጋው ያልዘጋውን በር ዘጋው። 48ኛው ጋኔን ድረስ ይወስዳል፣ የአባትና የልጅን ሒሳብ ያወራርዳል፣ በሃያኪማሩና በዶሮሮ መካከል ያለውንም ነገር ማንጋው ባልሄደበት መንገድ ይፈታል። እንዴት እንደሚፈታው እዚህ አይጻፍም። ይህ ፍጻሜ የቴዙካ አይደለም፣ የጌሙ ሠሪዎች ነው። ሆኖም ለ35 ዓመት ለጠበቀ አንባቢ መልስ ሆኖታል።

ዶሮሮ ከዚያ ወዲህ አልተረሳም። በ2007 ፊልም ሆነ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ2009 አይዝነር የተባለውን የኮሚክስ ሽልማት አገኘ። በ2019 ማፓና ቴዙካ ፕሮዳክሽንስ የተባሉት ስቱዲዮዎች 24 ክፍል ያለው አዲስ አኒሜ ሠሩለት፣ አጋንንቱን ከ48 ወደ 12 ቀንሰው። በዚህ አኒሜ ታሪኩን የወደዱ ወጣቶች ወደ ኋላ ሄደው ጌሙን ይፈልጋሉ። የፕሌይስቴሽን 2 ኦርጅናል ዲስክ በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ነው። ያገኘ ሰው ሁለተኛ መቆጣጠሪያ አይርሳ፣ ዶሮሮን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል።