ስለ ቁንዶ በርበሬ ሐረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቁንዶ በርበሬ መነሻ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ የሚገኙት የምዕራብ ጋትስ ተራሮች እርጥብ ደን ነው። እዚያ ከቅመምነቱ ባልተናነሰ በመድኃኒትነቱ ይታወቃል፤ አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ከዝንጅብልና ከሌላ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ጋር ተፈጭቶ ለሳልና ለሆድ ይሰጣል። ሐረጉን ለማልማት የሚሞክሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚከስሩት ተክሉ አስቸጋሪ ሆኖባቸው ሳይሆን ከዚህ በታች ያሉትን ወሬዎች አምነው ነው።

«ጥቁሩ፣ ነጩና አረንጓዴው የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው»

ሦስቱም ከአንድ ሐረግ ይለቀማሉ፤ ልዩነቱ ያለው በአለቃቀሙና በአዘገጃጀቱ ነው። ለጥቁሩ ዘለላው ላይ አንድ ሁለት ፍሬ መቅላት ሲጀምር ሙሉው ዘለላ ይለቀማል። ፍሬው ለአንድ ደቂቃ ያህል በፈላ ውኃ ተነክሮ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከ100 ኪሎ እርጥብ ፍሬ 33 ኪሎ ያህል ደረቅ ይገኛል። ለነጩ የሚለቀመው በደንብ የቀላው ፍሬ ነው፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ልጣጩ ታሽቶ ይወጣል። ውኃው በየቀኑ ካልተቀየረ የበረት ሽታ ይይዛል፣ ያ ሽታ ደግሞ ቢደርቅም አይለቅም። ሮዝ ቀለም ያለው ግን ከነጭራሹ ሌላ ዛፍ ነው።

«ለምግብ የተገዛውን ፍሬ ዘርቶ ማብቀል ይቻላል»

አይበቅልም። ሳይበስል ተለቅሟል፣ ደርቋል፣ ምናልባትም ፈልቷል። የበሰለ ትኩስ ፍሬ እንኳ ልጣጩ ወልቆ በቶሎ ካልተዘራ ዘሩ ሲደርቅ ይሞታል። ቢበቅልም እናቱን ላይመስል ይችላል። ስለዚህ የሚተከለው ቁራጭ ነው።

«ከሐረጉ የትኛውም ክፍል ቢቆረጥ ያው ነው»

ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው፤ ይህን የተሳሳተ ሰው ማወቁ የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ ነውና። አንዱ ሐረግ ላይ ጠባያቸው የተለያየ ቡቃያዎች አሉ። ዋናው ግንድ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በየአንጓው አጫጭር ሥሮች አውጥቶ ቅርፊት ይጨብጣል። የጎን ቅርንጫፍ ሥር አያወጣም፤ ከቅጠሉ ትይዩ የፍሬ ዘለላ ይንጠለጠልበታል። ከሥር የሚወጣው ሯጭ ቡቃያ ደግሞ መሬት ለመሬት ይሳባል። ከአናት ወደ ታች የተንዘረፈፈው ቡቃያ ለዓይን ያምራል፣ ለመቁረጥም ይቀላል፤ ግን ዘግይቶ ስለሚያፈራ ይተውት።

የጎን ቅርንጫፍ ቢተከል ቁጥቋጦ ይሆናል እንጂ ዛፍ አይወጣም። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ሊሰጥ ስለሚችል ለሳሎን ወይም ለበረንዳ ማሰሮ የሚመረጠው እሱ ነው። ዛፍ ላይ እንዲወጣ ከተፈለገ ሯጩን ይምረጡ። መሬት ነክቶ ሥር እንዳይሰድ አስቀድሞ እንጨት ላይ ይጠቀለላል። ሲቆረጥ ለጋው ጫፍና የጠነከረው መነሻ ተጥለው መካከለኛው ሲሶ ብቻ ይወሰዳል። ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ተዘጋጅቶ ቅጠሉ ሲነሳ የቅጠሉ ዘንግ ይቀራል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ የበሰለ ፍግ በሞላው ፕላስቲክ ውስጥ ቢያንስ አንዱ አንጓ ተቀብሮ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከደጋፊው ዛፍ 30 ሳንቲሜትር ርቆ በተቆፈረ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ይተከላል። ፍሬ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ይጠበቃል።

«ወንድና ሴት ተክል ያስፈልጋል»

የዱሩ እንደዚያ ነው። የሚለሙት ዝርያዎች አብዛኞቹ በአንድ አበባ ሁለቱንም ይዘዋል፤ ጽጌ ብናኙን ከአበባ አበባ የሚያወርደው በዋናነት የዝናብ ጠብታ ነው። በአበባ ጊዜ ዝናቡ ከተቋረጠ ዘለላው ሳስቶ ይቀራል።

«ሐረጉ ዛፉን ይመጠዋል»

ሥሮቹ ለመጨበጥ ብቻ ናቸው። ሐረጉን የሚደግፈው ዛፍ፣ ግራቪሊያም ሆነ ግሊሪሲዲያ፣ ከሐረጉ ጋር ለዓመታት ይኖራል።

«ምርጥ የተባለው ዝርያ የትም ምርጥ ነው»

በሕንዷ የኬረላ ግዛት የተዳቀለውና በ1971 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው «ፓኒዩር 1» የተባለው ዝርያ ረጅም ዘለላና ትልልቅ ፍሬ አለው፤ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ግን ምርቱ ይወርዳል። ዛፍ በበዛበት ማሳ ካሪሙንዳ የተባለው የቆየ ዝርያ ይሻላል፣ ፍሬው ቢያንስም። ዝርያ ከመጠየቅ በፊት ማሳው ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ ማየት ይቀድማል።

«ሐረጉ የጠወለገው ውኃ ጠምቶት ነው»

በዝናብ ወቅት ከጠወለገ ውኃ መጨመር መግደል ነው። ፋይቶፍቶራ የሚባል ፈንገስ መሰል ተሕዋስ አፈር ውስጥ ሆኖ የግንዱን አንገት ያበሰብሳል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ አንጓዎቹ ይገነጣጠላሉ፣ ሐረጉም በሁለት ሦስት ሳምንት ይደርቃል። አንገቱ ላይ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፤ ቅርፊቱ ጠቁሮ ከላላ በሽታው ገብቷል፣ ያንን ተክል ነቅሎ ማቃጠል ይሻላል። ለቀሩት ውኃ ከሚያቁርበት ቦታ ማፍሰሻ ቦይ ይከፈት፣ መሬት የሚሳቡ ቡቃያዎች ይቆረጡ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊትም የቦርዶ ድብልቅ ይረጭ። አንድ ኪሎ ኮፐር ሰልፌት በ50 ሊትር ውኃ፣ አንድ ኪሎ ኖራ በሌላ 50 ሊትር ይሟሟል፤ ከዚያ ኮፐሩ ቀስ እየተባለ ኖራው ላይ ይፈስሳል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን። ንጹሕ ቢላዋ ነክረው ሲያወጡት ቀይ ዝቃጭ ከያዘ ኖራ ይጨመር፣ አለዚያ ቅጠል ያቃጥላል። በዕለቱ ተረጭቶ ያልቅ።

«መድኃኒት ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም»

የሚያቃጥለው ፒፐሪን የተባለው ንጥረ ነገር ጉበትና አንጀት መድኃኒት የሚሰባብሩባቸውን ኢንዛይሞች ያዳክማል። ለዚህም ነው የእርድ ንጥረ ነገር ወደ ደም በብዛት እንዲገባ ከእርድ ጋር የሚቀላቀለው። ነገር ግን ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይንንና የልብ መድኃኒቱን ፕሮፕራኖሎልንም በዚያው መንገድ በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ወጥ ላይ የሚነሰነሰው መጠን አያሳስብም፤ በእንክብል የተጨመቀውን ፒፐሪን ግን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።