ፊት የሌላት ሴት ምን ማለት ነች?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ በእርሳስ የሣለውን አሳየን። ሴት ናት። ቆማለች፤ የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር ይታያል። በጭንቅላቷ ቦታ ግን የተገለበጠ የደንገል ታንኳ አለ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ «ስደት ነው» አለ። ሌላው «ኧረ ሞት ነው!» ሠዓሊው ዝም።

ግራ የሚያጋባን ልማዳችን ይመስለኛል። ዘጌ ተሻግራችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትገቡ ሥዕሉ ሕግ አለው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉ ሰው በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላል። ምልክቱን ያወቀ ያነበዋል። የልጁ ሥዕል የሚመስለው ሱሪያሊዝም፣ ማለትም ሕልም የመሰለ ነገር የሚሣልበት የጥበብ ስልት፣ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን በ1924፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የሱሪያሊዝምን ማኒፌስቶ (የዓላማ መግለጫ) ሲያወጣ የፈለገው አእምሮ ሳይቆጣጠረው የሚመጣውን ሐሳብ ነበር። እንደ ሕልም። ስለዚህ ታንኳ ሁሉ ስደት አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይታያል? ከሰውነቱ ጀምሩ። የቱ ጎደለ? በምን ተተካ? ሱሪያሊስቱ ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ በሥዕሎቹ ከሰው ደረት ላይ መሳቢያ ያወጣ ነበር፤ የተደበቀ ሐሳብ ማለቱ ነው፣ የሰውን ስውር ሐሳብ ካጠናው ሐኪም ከፍሮይድ የወሰደው። እዚህ የጠፋው ፊት ነው፤ ሰው የሚታወቅበት። የተተካው ውኃ የሚያሻግር ነገር፣ ያውም ተገልብጦ። እጆቿንም እዩ፤ ጥብቅ ብለው ተጨብጠዋል። እኔ «ልሂድ፣ አልሂድ» የምትል ሴት አየሁ። ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን ወረቀቱ ላይ በጣቴ አሳያችኋለሁ። «ሞት ነው» ያለው ጓደኛችን የቱ ጋ እንዳየው ሲጠየቅ ስልኩን መነካካት ጀመረ።