ቅርጫ፦ አንድ ሰንጋ፣ ብዙ ቤት

ቅርጫ ጎረቤቶች፣ ጓደኛሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ የሚገዙበት፣ ለበዓል አርደው ሥጋውን እኩል የሚካፈሉበት ልማድ ነው። ዶሮ ለአንድ ቤት ይበቃል፣ በግም እንዲሁ፤ በሬ ግን ሰው ይፈልጋል። ብቻውን ሰንጋ ለመግዛት አቅም ያለው ጥቂት ነው፤ አቅሙ ያለውም ቢሆን ያን ሁሉ ሥጋ ሳይበላሽ የሚጨርስበት መላ የለውም። የቅርጫ መነሻው ይህ ቀላል ሂሳብ ይመስለኛል። ከሂሳቡ በላይ የሆነው ነገር የሚታየው በዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ «ዘንድሮ ከእነማን ጋር ገባህ?» የሚለው ጥያቄ ሲጀመር ነው። መልሱ የሰውየውን ወዳጆች ስም ዝርዝር ያወጣል። ባለፈው ዓመት ከእነ እገሌ ጋር የነበረ ሰው ዘንድሮ ሌላ ዘንድ ከገባ፣ አንድ ነገር መኖሩን ማንም ሳይነግረው ሰፈሩ ያውቃል።

ቅርጫ የሚበዛው በአምስት በዓላት ነው፦ መስከረም 1 በዘመን መለወጫ፣ መስከረም 17 በመስቀል፣ ታኅሣሥ 29 በገና፣ ጥር 11 በጥምቀት፣ እንዲሁም ቀኑ በየዓመቱ በሚዘዋወረው በፋሲካ። ገና ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 እንዲህ ሆኖ ነበር። ገናንና ፋሲካን ከሌሎቹ የሚለያቸው ከፊታቸው የሚቆመው ጾም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ልኳንዳ ቤቶች ሳምንታት ሙሉ ዘግተው፣ ቤቱ በሽሮና በምስር ሰንብቶ፣ በድንገት የሥጋ ፈቃድ ሲመጣ ሁሉም ሰው በአንድ ጠዋት ሥጋ ይሻል። በዚያ ሰሞን የሰንጋ ዋጋ የሚንረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የጾሙ ሥርዓት አቆጣጠር ያልለመደውን ሰው ግራ ያጋባል። ዘመን መለወጫና መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋሉ ጾሙ አይሻርም። መስከረም 1 ቀን 2017 ረቡዕ ስለነበር ጾመኛው ዕለቱን በጾም ምግብ አክብሮ ሥጋውን ለሐሙስ አቆየ። ገናና ጥምቀት ግን በእነዚህ ቀናት ቢውሉም ይበላባቸዋል። ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ረቡዕ ነበር፤ ዶሮውም ሥጋውም በዕለቱ ቀረበ። ቅርጫ የሚያስተባብር ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚያየው የቀን መቁጠሪያውን ነው።

በሬውን የሚገዙት ከማኅበርተኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌና ካራ የታወቁ የቁም እንስሳት ገበያዎች ናቸው። ነጋዴው «የሐረር ሰንጋ ነው» ወይም «ቦረና ነው» ይላል፤ በሬው ከየትም ይምጣ እነዚህ ሁለት ስሞች ዋጋ ያስጨምራሉ። ከብት ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው በየቅርጫው አይጠፋም። ሻኛውን በእጁ ይመዝናል፣ ጎኑን ይጫናል፣ የጅራቱን ሥር ይዳብሳል፣ ጥርሱን ያያል፤ ከዚያ አፉን አጣሞ ዝም ይላል። ደላላውም ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ክርክሩ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ሰንጋው ሲገዛ በእግር እየተነዳ ወይም በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣና ግቢው ውስጥ ታስሮ ያድራል። ልጆች ሣር ያበሉታል፣ ስም ያወጡለታል፤ በማግስቱ ጠዋት አንዳንዱ ልጅ «አልበላም» ብሎ ያለቅሳል፤ ክትፎው ሲቀርብ ይረሳዋል።

እርዱ የሚፈጸመው በማለዳ ነው። በክርስቲያኖች ዘንድ አራጁ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ሳይል ቢላዋ አያነሣም። የጤና ባለሙያዎች በየበዓሉ እርድ በቄራ እንዲከናወንና ሥጋው በሐኪም እንዲመረመር ያሳስባሉ፤ በግቢው ማረድ የሚወደው ሰው ግን አይሰማም። ቆዳው ተገፎ ሆድ ዕቃው ሲወጣ የመጀመሪያው መብል ይጀመራል። ጨጓራና ጉበት ከቀይ ሥጋ ጋር ደቅቆ፣ ሚጥሚጣና ቅቤ ገብቶበት ዱለት ይሆናል። ከእሱ ጋር አረቄ ይዞራል። ይህ ማንም ቤቱ የማይወስደው፣ በቆሙበት የሚበላ የጋራ ድርሻ ነው። ሥጋ በመቁረጥ የሚረዳም ቆሞ የሚያወራም እኩል ይቀምሳል፤ ከራሴ ልምድ ስናገር፣ የሚያወሩት ይበዛሉ።

ከዚያ ድልድሉ ይመጣል፤ የቅርጫ ልቡ ይህ ነው። መሬት ላይ የኮባ ቅጠል፣ ኮባ በሌለበት ንጹሕ ላስቲክ ይነጠፋል። በማኅበርተኛው ቁጥር ልክ ቦታ ይያዛል፤ እያንዳንዱ ድርሻ መደብ ይባላል። ሙሉ መደብ የከበደው ከጓደኛው ጋር ሆኖ ግማሽ መደብ ይገባል። ቆራጮቹ በሬውን በብልት በብልት እያወረዱ ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ መደብ ያደርሳሉ። ከሻኛው ለሁሉም፣ ከሽንጡ ለሁሉም፣ ከዳቢቱ፣ ከታላቁና ከታናሹ፣ ከጎድኑ፣ ከፍሪምባው፣ ከወርቹ ለሁሉም። አንድ ሰው «እኔ ቁርጥ ስለምወድ ሽንጡን ልውሰድ፣ አንተ ጎድኑን ያዝ» ማለት አይችልም። አጥንትም እንደ ቀዩ ሥጋ በእኩል ይከፋፈላል፤ ቅልጥም ጎዶሎ ከሆነ በመጥረቢያ ተሰንጥቆ ይደርሳል። ሚዛን አይቀርብም። ዓይን ይመዝናል። ሰዎች መደቦቹን እየዞሩ ያያሉ፦ «ይቺ አነሰች»፣ «እዚያ ጮማ በዛ»። ከአንዱ ቁራጭ ይነሣል፣ ወደ ሌላው ይጣላል። ይህ ሁሉ የሚደረገው የትኛው መደብ የማን እንደሚሆን ማንም ሳያውቅ ነው፤ ስለዚህ ማንም ለራሱ አድልቶ አይከራከርም።

በመጨረሻ ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የክብሪት እንጨት፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ጠጠር፣ የሸሚዝ ቁልፍ። ምልክቶቹ ኮፍያ ውስጥ ይናወጣሉ። ሲሰበሰቡ ያላየ ልጅ ወይም መንገደኛ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣል። ልጁ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ በመደቦቹ መካከል ሲራመድ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ዝም ብለው እጁን ያያሉ። የጠርሙስ ክዳኑ ያረፈበት መደብ የክዳኑ ባለቤት ነው፤ አለቀ። ከዚህ በኋላ ቅሬታ ነውር ነው።

ይህ እኩልነት ቀላል ነገር እንዳይመስል፣ አጠገቡ የነበረውን ሌላውን ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። በነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በሚበላው ግብር የከብቱ ብልት እንደ ማዕረግ ይሰጥ ነበር፤ የትኛው ብልት ለየትኛው ባለሥልጣን እንደሚገባ የታወቀ ደንብ ነበረው። የሥጋው ዓይነት የሰውየውን ደረጃ ይናገራል። ቤት ውስጥ ይህ ልማድ ጨርሶ አልጠፋም። ዶሮ ወጥ ሲወጣ ፈረሰኛ የሚባለው ብልት ለአባወራው ወይም ለከበረ እንግዳ ይደርሳል። በቅርጫው ግን ዳይሬክተሩና ሾፌሩ አንድ ዓይነት መደብ ይወስዳሉ። በመሥሪያ ቤት ቅርጫ ላይ አለቃ እጁን በደም ነክሮ ቢላዋ ለጥበቃው ሲያቀብል ማየት፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚገኝ ትዕይንት ነው።

የቅርጫው ሥጋ ቤት ሲደርስ በዓሉን ተሠርቶ ያገኘዋል። ቤቱን ያሰናዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ይህን ድካም ስለ ቅርጫ የሚያወሩ ወንዶች ሲዘሉት እሰማለሁ። ጠላው ከሳምንት በላይ በፊት በጌሾና በብቅል ተጠንስሷል። መጋረጃው ታጥቧል። ዋዜማውን ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ያለ ዘይት እየተቁላላ፣ በርበሬው በቀስታ እየበሰለ ይመሻል። ዶሮዋ በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባ 12 ብልት ትወጣለች፤ ብልት ማውጣት የማታውቅ ሙሽራ አማቷ ፊት የምትፈተነው እዚህ ላይ ነበር። ድፎ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎለት ይጋገራል፤ በበዓሉ ጠዋት የቤቱ ታላቅ ባርኮ ይቆርሰዋል።

ከጌጥ ሁሉ ቀዳሚው ቄጤማ ነው። በረግረግና በወንዝ ዳር የሚበቅለው ይህ ለምለም ሣር በዋዜማው በየመንገዱ ዳር በእቅፍ በእቅፍ ይሸጣል፤ ሳሎኑ ላይ ተጎዝጉዞ በላዩ የቡናው ረከቦት ይቀመጣል። እጣኑ ይጨሳል፣ ፈንድሻው ይበተናል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል። የፋሲካው ቄጤማ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በቀዳም ሥዑር ካህናት «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመኑ በራሱ ላይ ያስረዋል። ምሳሌው የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ በለምለም ቅጠል ያበሠረችው ርግብ ናት። ለዘመን መለወጫ አደይ አበባ ይጨመራል። በከተማ ለገና የሚቆመው ዛፍ፣ መብራትና ጥጥ የተደረገበት የጥድ ቅርንጫፍም ሆነ የመርካቶው ፕላስቲክ፣ ቆየት ብሎ የመጣ እንግዳ ነው። አልቃወመውም፤ ነገር ግን ዓይን ጨፍኖ ወደ ቤት የገባ ሰው በዓል መሆኑን የሚያውቀው በቄጤማው ሽታ እንጂ በዛፉ መብራት አይደለም።

ከዚያ መጠራራቱ ይቀጥላል። ጠዋት ቅርጫ የተካፈሉት ሰዎች ከሰዓት በኋላ አንዱ በሌላው ቤት ይታያሉ፤ የአንድ በሬ ሥጋ በአምስት ቤት በአምስት ዓይነት እጅ ተሠርቶ ይቀመሳል። በፋሲካ ልጆችና የክርስትና ልጆች ለወላጆቻቸውና ለክርስትና አባቶቻቸው አክፋይ ይወስዳሉ፤ ሙክት ወይም ዶሮ፣ ዳቦና መጠጥ። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶች እርዳቸው ስለሚለያይ በአንድ ቅርጫ አይገቡም። መላው ግን ከጥንት የተገኘ ነው። በወሎም በአዲስ አበባም ክርስቲያኑ ለሙስሊም ወዳጆቹ ብሎ በግ ወይም ዶሮ ለይቶ በሙስሊም ያሳርዳል፣ ድስቱም ለብቻው ይሆናል። በዒድና በአረፋ ደግሞ ሙስሊሙ እንዲሁ ያደርጋል። ማዕዱ ሁለት ቢሆንም ሳሎኑ አንድ ነው።

ጉራጌዎች ዘንድ የበሬው በዓል መስቀል ነው። በከተማ ነግዶ የሚያድረው ሁሉ አገሩ ይገባል፤ መርካቶም በእነዚያ ቀናት ጭር ይላል። ሰንጋውን ለመግዛት ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ ይከርማሉ፤ ሴቶች ደግሞ ዊጆ በሚባለው ተራ የሚሰጣጡበት ማኅበር ቅቤ ያጠራቅማሉ። ከእርዱ አስቀድሞ የጎመን ክትፎ ይበላል፤ ከእርዱ በኋላ ክትፎው ከአይብና ከቆጮ ጋር ይቀርባል። ቅቤው ሲበዛ የዊጆው ፍሬ መሆኑን የሚያውቅ ባል ሚስቱን ያመሰግናል ይባላል። የማያመሰግንም እንዳለ እገምታለሁ።

ጥሬ ሥጋ ዕዳ አለው። የኮሶ ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፤ የኮሶ ዛፍ አበባ ለዘመናት መድኃኒቱ ነበር፤ ምሬቱ ግን ከበሽታው ያላነሰ ቅጣት ነው። ዛሬ የፋርማሲ ክኒን ተክቶታል። የተረፈው ሥጋ በረጅሙ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ በገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ቅርጫን ለሳምንታት ያቆየው ቋንጣ ነው።

በውጭ አገር ቅርጫው ቀኑን ቀይሯል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖሩ ጓደኛሞች ገና የሥራ ቀን ላይ ሲውል እርዱን ለቅዳሜ ያደርጉታል፤ ወደ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ እርሻዎች ነድተው ከገበሬው በሬ ይገዛሉ። መደቡ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ይገባል። በዐረብ አገራት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ደግሞ በሬ ባይደርሳቸውም፣ የዕረፍት ቀናቸውን አስተካክለው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ አንዷ ዶሮውን፣ አንዷ ከአገር የመጣውን በርበሬ፣ አንዷ ቡናውን ይዛ ትመጣለች።

አንድ ነገር ብቻ ከመደብ ውጭ ይቀራል፤ ቆዳው። ድሮ በበዓል ቀን ከሰዓት በፊት ቆዳ ገዢዎች በየሰፈሩ እየተጣሩ ይዞሩ ነበር። የቆዳው ሽያጭ ለአራጁና ለቆራጮቹ ይከፈል፣ የተረፈም ካለ ለመጠጥ ይውል ነበር። በቅርብ ዓመታት የቆዳና ሌጦ ገበያው ወድቆ ገዢው ጠፋ። ዕጣው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ፌስታሉን ይዞ ከተበተነ በኋላ ቆዳው ግቢው ጥግ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ «ማን ይውሰደው?» የሚለው ጥያቄ ከእርዱ ይልቅ ረጅም ክርክር የሚያስነሣበት ቅርጫ አይቻለሁ።